ከቀዶ ሕክምና ክፍል ወደ ተመላላሽ ክፍል፦ የማሕፀን ግድግዳ ናሙና መውሰጃ መሣሪያዎች ታሪክ እና የእኛ ድርሻ

እኔ የታሪክ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለ አንዲት ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦና ስለ ቀደምቶቿ በሐኪሞች ፊት ለመናገር የደፈርሁበት ምክንያት የራሴ ነው፤ ከእርሱም ልጀምር።

አክስቴ ካረጡ ከስምንት ዓመት በኋላ ደም አዩ። መጀመሪያ «ልጅነቴ ተመለሰ» ብለው ቀለዱበት። ከዚያ ዝም አሉ፤ ወራትም አለፉ። በመጨረሻ ለልጃቸው ሲነግሩ ወደ አንድ የጤና ተቋም ተወሰዱ፣ ናሙናም ተወሰደላቸው። ውጤቱ በእንግሊዝኛ ስለ ነበር ወረቀቱ ወደ እኔ መጣ። ዶክትሬት ያለኝ የቤተሰቡ አንባቢ እኔ ነበርሁና። አነበብሁት፤ ካንሰር የሚል ቃል አላየሁም። «ምንም አልተገኘም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ ነገርኋቸው። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ግን «ናሙናው ለምርመራ በቂ አይደለም» የሚል ነበር። የእነዚህን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ልዩነት ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። የዛሬው ንግግሬ በእነርሱ መካከል ስላለው ርቀት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ የአገራችን አቆጣጠር መሆኑን ካልገለጽሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ስለምንነጋገርበት አካል ጥቂት እንበል። የማሕፀን ውስጠኛ ግድግዳ፣ ሐኪሞች ኢንዶሜትሪየም የሚሉት፣ በወር አበባ ዕድሜ ላይ ባለች ሴት በየወሩ የሚገነባና የሚፈርስ ሥሥ ሽፋን ነው። ከማረጥ በኋላ ይሳሳል፣ ይረጋጋልም። ስለዚህ ካረጠች ሴት የሚፈስ ደም ምክንያቱ ሊታወቅ የሚገባው ደም ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የሽፋኑ መሳሳት ወይም ፖሊፕ ሆኖ ይገኛል፤ አንዳንዴ ግን ካንሰር ነው። ችግሩ ይህ ግድግዳ ከዓይን የተሰወረ መሆኑ ነው። የማሕፀን በር በመክፈቻ መሣሪያ ሊታይ፣ በጥጥ ሊነካ ይችላል። ከበሩ ወዲያ ያለው ግን ጨለማ ነው። ከዚያ ጨለማ ቁራሽ ሥጋ አውጥቶ ወደ ብርሃን ማምጣት የሕክምናው ጥያቄ ሆኖ ወደ ሁለት መቶ ዓመት እየተጠጋ ነው።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከፓሪስ ነው። በ1840ዎቹ ፈረንሳዊው ሐኪም ጆሴፍ ሬካሚዬ ጫፉ ማንኪያ የሚመስል መፋቂያ ሠራ፤ ኪዩሬት ይባላል። እዚህ ላይ ልብ ልንል የሚገባን ነገር አለ። የሬካሚዬ ዓላማ ናሙና መውሰድ ሳይሆን ማከም ነበር። በግድግዳው ላይ የበቀለውን ባዕድ ነገር ፍቆ ማውጣት ፈለገ። የወጣው ሥጋ በአጉሊ መነጽር የሚነበብ ሰነድ ነው የሚለው ሐሳብ በኋላ የመጣ ነው። በዚያው ዘመን አሜሪካዊው ማሪዮን ሲምስ በአላባማ የሴቶችን ብልት ለመመርመር የሚያገለግል መክፈቻና የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና ዘዴ አዳበረ። ያዳበረው ግን ከ1845 እስከ 1849 ባሪያዎች በነበሩ ጥቁር ሴቶች አካል ላይ፣ ያለ ማደንዘዣ፣ ደጋግሞ በመሞከር ነበር። የሦስቱ ስም ተመዝግቦ ቀርቶልናል፤ አናርካ፣ ቤትሲ እና ሉሲ። በየዕለቱ በምንጠቀምባቸው መሣሪያዎች ውስጥ የማን ሕመም እንዳለ ማወቅ ለሐኪምም ለታሪክ ተማሪም አይጎዳም።

ሁለተኛው መታጠፊያ መሣሪያ ሳይሆን ዕውቀት ነው። በ1908 በቪየና ሂችማን እና አድለር የተባሉ ሁለት ሐኪሞች የማሕፀን ግድግዳ መልክ በወር አበባ ዑደት ውስጥ በተፈጥሮው እንደሚለዋወጥ አሳዩ። ከእነርሱ በፊት ይህ ለውጥ ብዙ ጊዜ እንደ ብግነት ይቆጠር ነበር፤ ጤነኛ ሴቶችም ለሌለ በሽታ ይፋቁ ነበር። ከ1908 በኋላ ግድግዳው እንደ ቀን መቁጠሪያ ሊነበብ ተቻለ። በ1950 ኖይስ፣ ኸርቲግ እና ሮክ ያንን ንባብ ቀን በቀን የሚተነትን መመሪያ አሳተሙ፤ መካንነትን ለመመርመርም ለአምስት ዐሥርት ዓመታት ያህል ዋና መለኪያ ሆነ። በ2004 የታተመ ሰፊ ጥናት ግን ይህ የቀን ቆጠራ መውለድ የቻሉትንና ያልቻሉትን ሴቶች እንደማይለይ አሳየ። ሰነዱ እውነተኛ ቢሆንም ጥያቄው የተሳሳተ ሊሆን እንደሚችል የሚያስታውስ ምሳሌ ነው።

አሁን ወደ ቦታው ጉዳይ እንምጣ። ለብዙ ዘመን ናሙና ማግኛው መንገድ የማሕፀንን በር አስፍቶ መፋቅ ነበር፤ በእኛም አገር ሰዉ «ማሕፀን መጠረግ» የሚለው ነው። ይህ የቀዶ ሕክምና ክፍል፣ ማደንዘዣ፣ ማደንዘዣ ሰጪ ባለሙያ፣ አልጋና አስታማሚ ይጠይቃል። በ1925 አሜሪካዊው ሃዋርድ ኬሊ ሥራውን በምርመራ ክፍል ጠረጴዛ ላይ፣ ያለ ማደንዘዣ መሥራት እንደሚቻል ጻፈ። በ1935 ደግሞ በባልቲሞር ኤሚል ኖቫክ፣ በማዮ ክሊኒክ ራንዳል ለዚሁ ተግባር የተሠሩ ቀጫጭን የብረት ኪዩሬቶችን አስተዋወቁ። የኖቫክ መሣሪያ ክፍት ቱቦ ነው፤ ከጫፉ አጠገብ ጥርስ ያለው ቀዳዳ አለው፣ በስተኋላው ደግሞ መምጠጫ ይገጠምለታል። በዚህ መሣሪያ ሁለት ሐሳቦች ተጋቡ፤ መፋቅ እና መምጠጥ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ የእነዚህ የሁለቱ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ሆኖም የኖቫክ ኪዩሬት ግትር ብረት ነውና ያማል፤ ከእያንዳንዷ ታካሚ በኋላም በጥንቃቄ ካልጸዳና ካልተቀቀለ አደጋ ነው።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ቫብራ የተባለው መሣሪያ ከዴንማርክ መጣ። ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቱቦ ሆኖ ከኤሌክትሪክ ፓምፕ ጋር ይያያዛል፤ የመጠጠውን ሥጋ በራሱ ትንሽ ዕቃ ውስጥ ያጠራቅማል። የሚሰበስበው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ፓምፕና መብራት ይሻል፣ ሕመሙም ቀላል አልነበረም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሌላ መስመር ተከፈተ። ሐኪም ያልነበረው አሜሪካዊ ሃርቪ ካርማን ተጣጣፊ የፕላስቲክ ቱቦን ከመርፌ አልባ ሲሪንጅ ጋር አገናኘ። በቻይና ከ1958 ጀምሮ በሕክምና መጽሔት የተገለጸው የመምጠጥ ዘዴ በዚህ መልኩ ኤሌክትሪክ ወደማያስፈልገው የእጅ መሣሪያ ተለወጠ። ዛሬ በጤና ጣቢያዎቻችን «ኤም ቪ ኤ» የምትሉት የዚህ ዝርያ ነው።

በ1984 ፈረንሳዊው ኤቲየን ኮርኒዬ ፒፔልን ለዓለም አስተዋወቀ። ፒፔል ወደ 23 ሴንቲ ሜትር ተኩል የሚረዝም፣ የውጭ ስፋቱ 3.1 ሚሊ ሜትር የሆነ ተጣጣፊ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። በውስጡ ቀጭን ዘንግ አለ፤ በጎኑ፣ ከጫፉ አጠገብ፣ ትንሽ ቀዳዳ አለ። ባለሙያው ቱቦውን በማሕፀን በር በኩል ቀስ አድርጎ ያስገባል፤ ዘንጉን ወደ ኋላ ሲስበው በቱቦው ውስጥ የመምጠጥ ኃይል ይፈጠራል፤ ከዚያ ቱቦውን በጣቶቹ እያዞረ ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሰዋል። ሥጋው በጎኑ ቀዳዳ ገብቶ ይቆረጣል። ሥራው የደቂቃዎች ነው። እርግዝና አለመኖሩን ማረጋገጥ፣ የዳሌ ኢንፌክሽን ሲኖር መታገሥ፣ ከማሕፀኑ ጣሪያ ጋር አለመታገል፤ ዋና ዋናዎቹ ጥንቃቄዎች እነዚህ ናቸው። መሣሪያው ለአንድ ጊዜ ብቻ ያገለግላል፣ ከዚያ ይጣላል። ይህ ከኢንፌክሽን አንጻር በረከት ነው፤ ከአቅርቦት አንጻር ግን ካርቶኑ ባለቀ ቀን አገልግሎቱም ያልቃል ማለት ነው።

እንግዲህ የትኛው ይሻላል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። በ1993 የታተመ አንድ ጥናት ማሕፀናቸው ሊወጣ በታቀደ ሴቶች ላይ ፒፔልንና ቫብራን አነጻጸረ። ፒፔል ከግድግዳው በአማካይ 4.2 በመቶውን ብቻ ሲነካ ቫብራ 41.6 በመቶውን ነካ። በዚህ ሚዛን ፒፔል ተሸናፊ ነው። በ1991 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ካንሰር እንዳለባቸው አስቀድሞ በታወቀ 40 ሴቶች ላይ ፒፔልን ፈተነ፤ ካንሰሩን በ39ኙ አገኘው። በዚህ ሚዛን አሸናፊ ነው። በ1995 በ65 ሴቶች ላይ ተመሳሳይ ፈተና ሲደረግ ያገኘው በ54ቱ ነው፤ ካመለጡት ብዙዎቹ ዕጢው በፖሊፕ ውስጥ የተደበቀባቸው ወይም እጅግ ጠባብ ቦታ የያዘባቸው ነበሩ። በ2000 ደግሞ 39 ጥናቶችን፣ 7,914 ሴቶችን ያጠቃለለ ትንተና ወጣ፤ ከተነጻጸሩት መሣሪያዎች ሁሉ ፒፔል የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ባረጡ ሴቶች ካንሰርን የማግኘት ችሎታው 99.6 በመቶ፣ ባላረጡት 91 በመቶ ነበር። ቅድመ ካንሰር የሆነውን ያልተለመደ የሕዋስ መብዛት ግን ያገኘው በ81 በመቶው ነው።

እነዚህ ቁጥሮች የሚጣሉ ቢመስሉም አይጣሉም። የማሕፀን ካንሰር ብዙውን ጊዜ ግድግዳውን ሰፋ አድርጎ ይይዛል፤ ሰፊ ማሳ ላይ የተዘራን ሰብል ለማወቅ አንድ ጭብጥ ይበቃል። በአንድ ጥግ የበቀለን አረም ግን በዘፈቀደ የተዘገነ ጭብጥ ላያገኘው ይችላል። ትልቁ ዳኛ ተደርጎ ይቆጠር የነበረው ጥረጋ ራሱ ከዚህ ነጻ አልነበረም። በ1975 የታተመ ጥናት፣ ማሕፀናቸው ከመውጣቱ በፊት ከተጠረጉት ሴቶች በ60 በመቶዎቹ የተነካው ከግድግዳው ግማሽ በታች እንደ ነበር አሳይቷል። በማደንዘዣ መሠራቱ ሁሉን አየ ማለት አልነበረም። ዛሬ በዓይን እያዩ ናሙና ለመውሰድ የሚያስችለው ሂስትሮስኮፒ ይህን ጉድለት ይሞላል፤ ይሁን እንጂ እርሱም የራሱን መሣሪያና ሥልጠና ይጠይቃል።

እነዚህ መቶኛዎች ሁሉ አንድ ድብቅ ቅድመ ሁኔታ አላቸው፤ በቂ ሥጋ መገኘቱን። ባረጠች ሴት ግድግዳው ሥሥ ስለሆነ በቂ ናሙና አለመገኘቱ ብርቅ አይደለም። «በቂ አይደለም» የሚለው መልስ ትርጉሙ «ጥያቄው ገና አልተመለሰም» ነው። ግድግዳው በአልትራሳውንድ ተለክቶ ከ4 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ከሆነና ደሙ ካልተመለሰ ሐኪሙ ሊረጋጋ ይችላል። ግድግዳው ወፍራም ከሆነ ወይም ደሙ ከቀጠለ ግን ምርመራው በሌላ መንገድ መቀጠል አለበት። የአክስቴ ደም ቀጥሎ ነበር። እርሳቸው ግን «ወረቀቱ ምንም የለም ብሏል» እያሉ አንድ ዓመት ተቀመጡ። ወረቀቱ እንደዚያ አላለም፤ ያልሁት እኔ ነበርሁ። ዳግመኛ ሲመረመሩ ካንሰሩ ከማሕፀን ወጥቶ ነበር።

ይህን የምነግራችሁ ለማሳዘን አይደለም። የመሣሪያ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ሥጋው ቱቦው ውስጥ በገባበት ቅጽበት እንዳለቀ ተደርጎ መሆኑን ለማሳየት ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ታሪኩ እዚያ ገና ይጀምራል። ሥጋው ወዲያው ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለበት። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ በማሕፀን ውስጥ ከተጠረጠረ ደግሞ፣ ይህም በአገራችን መካንነትን ለሚመረምር ሐኪም ሊዘነጋ የማይገባው ነው፣ ለባክቴሪያ ምርመራ የሚላከው ክፍል ፎርማሊን ሊነካው አይገባም፤ ፎርማሊን የሚፈለገውን ሕይወት ይገድለዋልና። ከዚያ ሥጋው በሰም ይታሸጋል፣ በማይክሮን ይቆረጣል፣ ይቀለማል፤ በመጨረሻም አንድ ፓቶሎጂስት ዓይኑን አጉሊ መነጽር ላይ አድርጎ ያነበዋል። ውጤቱ ይጻፋል፣ ይላካል፣ ለታካሚዋ በምትረዳው ቋንቋ ይነገራታል። ሰንሰለቱ ከእነዚህ ሁሉ ቀለበቶች የተሠራ ነው። ከ1925 ወዲህ ያሉት ፈጠራዎች የመጀመሪያውን ቀለበት ወደ ሴቲቱ አቀረቡት፤ የቀሩት ግን ባሉበት ርቀት ቆዩ።

ርቀት ስል ወላይታን እያሰብሁ ነው። በ1920 ዓ.ም. በአሜሪካዊው ሐኪም በቶማስ ላምቢ የሚመራው የሚስዮናውያን ቡድን ወደዚህ ሲመጣ ዘመናዊ ሕክምናም አብሮ ወደ ሶዶ መጣ። ይኸው ሰው ቀደም ብሎ በአዲስ አበባ፣ በጉለሌ፣ ሆስፒታል አሠርቶ ነበር፤ ያ ግቢ በኋላ የፓስተር ኢንስቲትዩት፣ ዛሬ ደግሞ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት መቀመጫ ሆኗል። የአንድ ሰው ሁለት ሥራዎች የሁለት ዓይነት ዕድል ገጠማቸው። ጉለሌ የላቦራቶሪ አገር ሆነ፤ ሶዶ ደግሞ ለረጅም ዘመን ሕመምተኛ የሚታከምበት፣ ከበድ ያለው ሁሉ ግን ወደ መሐል አገር የሚላክበት ቦታ ሆኖ ቆየ። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954፣ የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ በ1964 ሲከፈቱም ፓቶሎጂስት ማግኘት በዋናነት የአዲስ አበባ ዕድል ነበር። የጨረር ሕክምናም ለረጅም ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር። ከሶዶ አዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለአንዲት የቦዲቲ ወይም የአረካ እናት ይህ ርቀት የሚለካው በኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም፤ በሚሸጥ በግ፣ በሚከተል ልጅ፣ በማያውቁት ከተማ በሚፈለግ ማደሪያም ይለካል።

ዩኒቨርሲቲያችን በ1999 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ፣ ኦቶናም የማስተማሪያ ሆስፒታል ከሆነ ወዲህ ይህ ሥዕል እየተለወጠ ነው። ለውጡ በምን መልክ ይቀጥል የሚለው ግን የእናንተ ጥያቄ ነው። እዚህ ላይ አንድ ታሪካዊ ነገር ላስታውሳችሁ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ጽንስ ማቋረጥን የሚመለከቱ ድንጋጌዎችን ካሻሻለና የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በማግሥቱ መመሪያ ካወጣ በኋላ የእጅ መምጠጫው ወደ ጤና ጣቢያዎች በስፋት ገባ። አዋላጆችና የጤና መኮንኖች ሠለጠኑበት። ይህ መሣሪያ በቀጭን ቱቦ ሲገጠም ለማሕፀን ግድግዳ ናሙናም ያገለግላል፤ የአምራቹ መመሪያም ይህን አገልግሎት ይጠቅሳል። ስለዚህ ፒፔል ባይኖር እንኳ የካርማን ልጅ በመደርደሪያችን ላይ አለ። እንደ አሠራሩ ተጸድቶ ተመልሶ ያገለግላል፤ የሚያውቀው እጅም አለ። የጎደለው ያ እጅ ካረጠች ሴት ደም ጋር ያለው ትውውቅ ነው።

ትውውቁ ለምን ጎደለ? አንዱ ምክንያት፣ እንደሚመስለኝ፣ ትኩረታችን በሌላ በኩል መሆኑ ነው። የማሕፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ስለሆነ ዘመቻውም፣ ክትባቱም፣ ምርመራውም በእርሱ ላይ መሆኑ ተገቢ ነው። ሆኖም በሕዝቡ ቋንቋ ሁለቱም «የማሕፀን ካንሰር» ይባላሉ። በሩ ታይቶ «ነጻ ነሽ» የተባለች ሴት ቤቱም የተፈተሸ ይመስላታል። በሩን ማየት ቤቱን ማየት እንዳልሆነ የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል።

ስለዚህ «የትኛው መሣሪያ ይሻላል?» ለሚለው ጥያቄ የታሪክ መምህሩ መልስ ይህ ነው። ጥናቶቹ ፒፔልን ይመርጣሉ፤ ሲገኝ በእርሱ መጠቀም ተገቢ ነው። ሳይገኝ የእጅ መምጠጫው አለ። ሁለቱም ሳይበቁ ሲቀሩ፣ ወይም ደሙ ሲቀጥል፣ ታካሚዋ ወደ ሂስትሮስኮፒ ወይም ወደ ጥረጋ ትሂድ። ከመሣሪያው ምርጫ በፊት ግን ሦስት ነገሮች ይጠየቁ። ናሙናው ስንት ቀን ተጉዞ፣ በማን ይነበባል? ውጤቱ ሲመለስ ታካሚዋን የሚፈልጋት ማን ነው? «በቂ አይደለም» የሚለውን ቃል በአማርኛም በወላይትኛም የሚያስረዳት ማን ነው? ሦስተኛው ጥያቄ ገንዘብ አይጠይቅም። ከነገ ጀምሮ በውጤት ወረቀቱ ግርጌ «ይህ ውጤት ከበሽታ ነጻ መሆንን አያሳይም፤ ተመልሰው ይምጡ» የሚል አንድ መስመር በምታነበው ቋንቋ መጻፍ ይቻላል።

አክስቴ እንዲህ ያለ መስመር ቢያገኙ ኖሮ ይድኑ ነበር ብዬ አልምልም፤ ታሪክ እንዲህ ያለ መሐላ አይፈቅድም። የእኔ ንባብ ግን ሊያስቀምጣቸው ባልቻለ ነበር።